የውሳኔ ሐሳብ

«አነጻጽረህ አምጣ» አሉኝ ወይዘሮ ይመኙሻል፣
«እስከ ሐሙስ ድረስ፤ ቦርዱ ይሰበሰባል።
ባንዱ ዐምድ ደመናው፣ ባንዱ ዐምድ ማሽናችን፣
የቱ እንደሚያዋጣ ለዕቅድ ሥራችን።»
እሺ ብዬ ወጣሁ፤
እኔው ጠባቂ፣ እኔው ዳኛ ሆኜ፣
የገዛ እንጀራዬን ሚዛን ላይ ጭኜ።

ከሹም አቦ ወደብ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣
ከበረዶው መጋዘን ከጎኑ ተጥሎ፣
ሁለት በሁለት ክፍል፣ መስኮቱ የተደፈነ፣
ሰባት ዓመት አለፈው ቤቴ ከሆነ።
እዚያ ነው ሰርቨሩ።
ያጉረመርማል ሌቱን፣
እያሰላ የነገን፣ እየማገ የዓሣ ሽታውን፦
ስንት ጀልባ ይወጣል፣ በስንት ሊትር ናፍጣ፣
ስንት ኪሎ ቆረሶ፣ ስንት አምባዛ ቢመጣ፣
ሐምሌ ዓሣው ሲራባ፣ መረብ ሲከለከል፣
የሠራተኛው ደመወዝ ከየት ተነሥቶ ይከፈል።
ሲሞቀው ማራገቢያ አዞርለታለሁ፣
መብራት ድርግም ሲል ጀኔሬተር አስነሣለሁ።
አንድ ነሐሴ ሐይቁ ሲገባ ግንቡን ጥሶ፣
ታቅፌው ወጣሁ በሌት፣ ውሃው ከጉልበቴ ደርሶ።

ኪሩቤል ይባላል፤ ስሙም ቢሆን የላይ ነው፣
ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ደመና ሊሸጥ የመጣው።
«ማሽን አትገዙም» አለ፤ «ናፍጣም ጥበቃም የለ፣
ዕቅዳችሁ ከላይ ይኖራል፣ ከጎርፉ ከፍ ያለ።
ከደቅም ይሁን ከዘጌ፣ ከጎርጎራም በስልክ፣
ዓሣው ሚዛን ላይ ሳለ ሂሳቡ ይገባል ልክ በልክ።
ክፍያው በየወሩ ነው፣
በተጠቃሚ ብዛት፤ ዶላር ነው የምንጠይቀው።»

ዶላር ሲል ገንዘብ ያዧን ሳል ያዛት።
ጋሽ ደስያለው፣ ታንኳ ሲያስሩ ያረጁት፣
ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን አወጡ።
«ልጄ፣ ይሄ ደመና
ከየት ተነሣ ትላለህ? አይደለም ወይ ከጣና?
የኛኑ ውሃ አይደል እንዴ ፀሐይ መጥጣ የሰቀለችው፣
ዞሮ ዝናብ ሲሆን ለኛው የምትሸጠው?
ኔትወርክ የጠፋ ዕለትስ?»
«ሲመለስ ይገናኛል።»
«መቼ?» አሉት።
ልጁ ወደ ስልኩ አየ። ስልኩም መስመር አልነበረውም።

ረቡዕ ሌሊት ጻፍኩ።
ዋጋውን ጻፍኩ፣ ፍጥነቱን፣ የጥገናውን ወጪ፣
አንዱንም አላዳላሁ፣ እዚህ ጨምሬ እዚያ ቀንሼ።
«አደጋ» የሚለው ረድፍ ላይ፣ በኔ ማሽን ሰልፍ፣
ጣቴ መልህቅ ጣለ፤ እንቢ አለኝ ለመጻፍ።

አምና ግንቦት፣ የሚያውቅ የለም እኔን ሳይጨምር፣
ዲስኩ ሞተ በእጄ፤ ጠፋ የሁለት ወር ቁጥር።
ቅጂ አልያዝኩም ነበር።
«መብራት ነው» ብያለሁ። መብራት አይከራከርም፣
ሁሉን ያሸክሙታል፣ አልሠራሁም አይልም።
ከደረሰኝ ከደብተር፣ ካጥማጅ አፍ ለቃቅሜ፣
ሦስት ሳምንት ሌት ሌት፣ በር ዘግቼ ገጣጥሜ፣
የጎደለውን ሞላሁት በግምት።
የዘንድሮው ዕቅድ የቆመው በዚያ ግምት ነው።
ወይዘሮ ይመኙሻል ያጨበጨቡለት፣
«እንዲህ ነው እንጂ ትክክል» ያሉለት።

ሳጥኑን አየሁት። አረንጓዴ ዓይኑን ያርገበግባል፣
እንደማያውቅ ምስክር ዝም ብሎ ይሞቃል።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ ወደ ዳር፤
የቱ ውሃ፣ የቱ ደመና፣ ድንበሩ አይለይም ነበር።
አንድ ታንኳ ብቻ በመሃል፣ ከየትኛው እንዳለ አላውቅ፣
ሄደ እየቀዘፈ፣ ሳይሰምጥ፣ ሳይርቅ።

ተመለስኩ። በመጀመሪያው ዐምድ፣ አደጋ በሚለው ፊት፣
«ጠባቂው» ብዬ ጻፍኩ፤ ግንቦትን ዘረዘርኩ ከነዕለት።
በሁለተኛው ዐምድ፣ በዚያው ረድፍ፣
«ጠባቂውን አለማወቃችን።» ሌላ አልነበረኝም የምጽፍ።

«የውሳኔ ሐሳብ» የሚለውን ባዶ ተውኩት።
መብራት ሳይሄድ ቶሎ አተምኩት፤
ወረቀቱ ገና ትኩስ ነው።
ቢሮው በሁለት ሰዓት ይከፈታል፣
ደረጃው ላይ ነኝ።