ሳላይሽ

በስልክ ነው ያየሁሽ፣ በደላላው ይመር ፎቶ፣
ግማሽ በርሽን ሸፍኖት አውራ ጣቱ ገብቶ።
"ሰፈሯ ሳላይሽ፣ ካርታዋ ንጹሕ" ሲለኝ፣
ማልሞ ላይ ከነአውቶቡሴ ቀይ መብራት ያዘኝ፤
አረንጓዴው ሳይበራ "ግዛልኝ" ብዬ መለስኩ፣
የሃያ ዓመት ፈረቃ በአንድ ቃል ጨረስኩ።

ሳላይሽ ገዛሁሽ።
ሳላይሽ ቀለም ቀባሁሽ፣ ሳላይሽ አከራየሁሽ።

መጣሁ፤ ደሴ እንዳለች ጉሟን ተከናንባ፣
ባጃጁ መብራት አብርቶ በቀትር ሲገባ።
ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ስድስት፣
እቴነሽ ናት! የስምንተኛ ቢ የዴስክ ጎረቤት፣
ከእሷ አልጀብራ የቀዳሁ፣ ቀለም የደፋሁባት።

ፓስፖርቴን ገለጥ ገለጥ፤
"ሸምሱ፣ ዘጠና ቀን ነው ያለህ። ቢጫ ካርዱስ የታለ?
ቤት በስምህ አይዞርም፣ መመሪያው እንዲህ እስካለ።"
ቅጹ ላይ ዜግነት የሚል ጠባብ መስመር ነበረ፣
እስክሪብቶዋ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ተገተረ።
"የውጭ ዜጋ" ብላ ጻፈች፣ ቀና ብላም አላየችም፤
"ዩኒፎርሜ ላይ ቀለምህ" አለች፣ "እስከ ዛሬ አልለቀቀም።"

ሲመሽ ደጅሽ ቆምኩ።
"ማንን ልጥራ?" አለች ተከራይሽ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፤
ምላሴ ላይ ተጋጨብኝ ባለቤት ከውጭ ዜጋ።
"መንገድ ጠፍቶኝ ነው" አልኩ።
ጉሙ ወርዶ ከነጣሪያሽ ከነበርሽ ሰወረሽ፤
"ሰፈሩ ማን ይባላል?" አልኳት።
"ሳላይሽ።"