ደረጃ የሌለው ፎቅ

ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ መብራት ሰቀልኩ፣
በበርገን ዝናብ ውስጥ መሰላል ላይ ኖርኩ።
ኤሌክትሪክ ማለት ለኔ ያ ነው፤
ቀኝ ክንዴን አንድ ክረምት እንደ ፈረስ የረገጠው።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤት ቁርጡን ነገረን፤
«ቢጫው ሶዲየም ይውረድ፣ ነጩ ይተካ» አለን።
የመጨረሻዋን አምፖል ከወደብ ጥግ ነቅዬ
ወደ ቤት ይዣት ገባሁ በሹራቤ ጠቅልዬ።
ሱኒቫ መጥታ ነበር ከዩኒቨርሲቲዋ፣
እርጥብ ጫማዋ በር ላይ፣ ደብተር ሙሉ ቦርሳዋ።

«ይህ ቢጫነት ከየት ነው?» አልኳት ሻይ እየቀዳሁ።

«ከመውደቅ ነው» አለች። «ሶዲየም ውስጥ ያለው
አንድ ኤሌክትሮን ከፍ ብሎ ሲመለስ ነው፤
ከላይኛው እርከን ወደ ታች ሲመጣ
ልዩነቱ ብርሃን ሆኖ ነው የሚወጣ።»
«በየት በኩል ይወርዳል?» አልኩ እንደ ልማዴ፤
እርከን ቆጥሮ መውረድ ነው የኖርኩበት ዘዴ።
«መሃል የለም» አለች።
«መሃል ከሌለ እንዴት?»
«አንደኛ ፎቅ አለ፣ ሁለተኛም አለ፤
ደረጃ ግን የሌለበት ቤት።»
«እንዲህ ያለ ቤት ብሠራ ማዘጋጃ ያስረኛል!»
ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው፤ ሁልጊዜ ይረታኛል።

በማግሥቱ ዝናቡ ፋታ ሰጠንና
ጀልባዬ ጋ ወረድን፤ ገመድ ፈታችና
አንዱን ጫፍ ከምሰሶ፣ አንዱን ከእጄ አሰረች፤
«ዝም ብለህ ወዝውዘው፣ እስኪስማማህ» አለች።
ወዘወዝኩት። ተምታታ፤ ማዕበሉ ሄዶ መጣ፣
ፈጠን ስል ግን ገመዱ ሁለት ሆድ አወጣ፤
ይበልጥ ብፈጥን ሦስት። ሁለት ተኩል? በጭራሽ!
እምቢ አለኝ ገመዱ፤ አልሰጥም አለኝ ግማሽ።

«ይኸውልህ እርከኑ፤ ማንም አልደረደረው፤
መታሰሩ ብቻ ነው ማዕበልን ያስቆጠረው።»
«ታዲያ አስኳሉ እየሳበው ለምን አይለጠፍ?»
«ሥፍራው በጠበበው ቁጥር
እንደ ባልዲ ዓሣ ነው፤ አያርፍ።»

ገባኝ። እጄ ገባው፤ ትከሻዬም ገባው።
ግን አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬን አነቀው፤
«እሺ፤ እዚህ ገመድ ነው። እዚያስ፣ አቶም ውስጥ፣
ምኑ ነው የሚወዛወዝ? ምኑ ነው የሚናጥ?»

ዝም አለች ሱኒቫ። የባሕር ወፍ ሲጮህ ይሰማል፤
ገመዱ ከእጄ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።
«ዕድል» አለች በመጨረሻ፤ «የመገኘት ዕድል፤
እሱም ራሱ ሳይሆን የዕድሉ ሥር ቢባል ይሻል።»
«ዕድል ይወዛወዛል? ዕድል ይረጥባል?
ዕድል የሚሉት ነገር በምን እጅ ይያዛል?»
«አላውቅም» አለችኝ። «ቀመሩን አውቃለሁ፤
መልሱ ሁሌ ልክ ነው፤ እኔም እገረማለሁ።
መምህሬ ኡልቭሂልድ ሦስት ሥዕል ትሥላለች፣
ደወል ሳይደወል ግን ሦስቱንም ታጠፋለች፤
ይሄኛው እዚህ ጋ፣ ያኛው እዚያ ይዋሻል፣
ትለናለች፤ ውሸቱን ያወቀ ሰው ይማራል።»

ማታ አሰብኩት ብቻዬን። «ገባኝ» ስንል ለካ
አንድ የሚገባ አለ፣ በር ሳያንኳኳ።
ሽቦ ሲነዝር እንጂ ሲሮጥ አላየሁም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ምንድነህ?» አላልኩም።
እጄ ስለለመደው አእምሮዬ ተኛ፤
ያልነካሁት ሲመጣ ነው የሆንኩት ዳኛ።

አምፖሏን ከአሮጌ ማስነሻዋ አገናኝቼ
ጋራዥ ውስጥ ለኮስኳት፣ ሌላውን አጥፍቼ።
መጀመሪያ ቀላች፤ ቆይታ ወርቅ መሰለች፤
ሰማያዊ ጃኬቴን ጥቁር አደረገች።
በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ መውደቅ፣
ያለ መሃል፣ ያለ ድምፅ፣ አንድ እርከን ሳይረገጥ፣ ሳይታወቅ!

ሱኒቫ ከበሩ ላይ «ገባህ ወይ?» ብትለኝ፣
«ገመዱ ገብቷል» አልኳት፤ «ሌላው ደጅ ነው ያለኝ።
ይግባ አይግባ፣ እንጃ፤
ለሱ መች ተሠራ የኔ ጭንቅላት ደረጃ።»

ውጭ ይዘንባል። ጥቁር ጃኬቴን አነሣሁ፤
ሰማያዊ መሆኑን ግን መቼ ረሳሁ።