ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት

እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ዋጋ አልጠራም፣
መዶሻ አልመታ፣ እጄን አላወጣም።
ሐሙስ ሐሙስ ጧት፣ ኖርፎክ ባሕር ዳር፣
ገብስ ይከመርበት በነበረው አዳራሽ፣ በዚያ አሮጌ ጣሪያ ሥር፣
የሙታንን ቤት ቁራጭ በቁራጭ
በትከሻዬ ነው የማደርስ ለሻጭ።

ወንበር በጀርባው ነው፣ ሰዓት በወገቡ፣
መስተዋት ግን ፊቱን አዙረው ይዘው ነው የሚገቡ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስሸከም ተማርኩኝ፣
ዕቃ በክብደቱ ሲዋሽ አላገኘሁኝ።

ሚስ ፔገት ከፊት ናት፤ ወንበር ነው የምትሰበስበው፣
አርባ ስድስት አላት፤ እንግዳ መጥቶ ሲቀመጥ ግን ያየ ማነው?
አጠገቧ ያለው ሰዓት ይገዛል፣ የቆመ ካገኘ፣
«የሚሄደውማ» ይላል «ከእኔ ጋር መች ተገናኘ?»

ያን ዕለት ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ያጓራል፣
ጋሮድ አጫራቹ ከቆርቆሮው ብሶ ቁጥሩን ይደረድራል፦
«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት! የዋልነት ኮመዲኖ፣ ባለ አራት መሳቢያ፣
እጀታው ነሐስ ነው፣ የለውም መተኪያ!»

ክላይቭ ማንትሪፕ ቀረበ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
ጣቱን ከመጋጠሚያው ጥርስ ውስጥ አጠለቀ፤
እንጨት ያነባል እሱ፣ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ፣
በየትኛው መጋዝ፣ በማን እጅ እንደተሠራ እስኪገነዘብ።
አንደኛው ተከፈተ፣ ሁለተኛው ወጣ፣
ሦስተኛው ግን እምቢ አለ፣ እንዳኮረፈ ባላንጣ።
«እስቲ አንተ ሳበው» አለኝ። እንዳልሰብረው ሰግቼ
ቀስ አድርጌ ሳብኩት፤
                    ባሕር አገኘሁ ከፍቼ።

ከመሳቢያው ወለል በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት፣
የውሃ ቀለም ሥዕል፣ የሸሚዝ ምንጣፍ ያደረጉት፤
ጨዋማው ረግረግ፣ ቀጭኑ ጅረት፣ ደንገሉ ያጎነበሰ፣
በጎኗ የተኛች ጀልባ፤ ባሕሩ ሸሽቶ፣ ገና ያልተመለሰ።
ከጥጉ ላይ በእርሳስ፦ ኢኒድ ቡሊሞር፣ ነሐሴ።
ዓመቱን ሙጫ በልቶታል፤ ስሟን ደጋገምኩት ለራሴ።
ማን ይሆን የለጠፈው? ባሏ? የባሏ እናት?
ወይስ ራሷ ናት፣ አንድ ቀን ሸሚዝ ስታጥፍ የሰለቻት?

ነጭ ቀለም የለበትም። የውሃው ፊት ሲያበራ፣
ብሩሿ ያልነካው ነው፣ ዝም ብላ ያለፈችው ስፍራ።
ብርሃን ማለት ለካ እጅን መሰብሰብ ነው፣
መንካት እየተቻለ፣ ለወረቀቱ መተው።

ማንትሪፕ ግን ሰማዩን አየና፣ ነጠብጣቡን ጠላ፤
«ሻጋታ ነው ይሄ፣ ሰማዩን ያጎደፈው፣
ቢላ አምጣልኝና መሳቢያውን ላጽዳው፣ ልግፈፈው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ እጁ በጨው የተላጠ፣
በሰው መሃል ዘለቀና መሳቢያው ላይ አፈጠጠ፤
ወልተር ኮብ፣ ዛጎል ለቃሚው፤ ሃያ ፓውንድ ነው ከኪሱ፣
ለአሮጌ ማንቆርቆሪያ ነበር በዚያ ዝናብ መድረሱ።

«ሻጋታ አይደለም» አለ። «ዝናብ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ የወረደ።
ይሄ የእኛ ጅረት ነው፤ ከድልድዩ ቆማ ሳለች፣
ከምዕራብ መጣባት፤ ወረቀቷን አልሸፈነች።»

ሰው ዝም አለ። የዛሬው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
የዚያኛው፣ ከነጠብጣቡ፣ ሰማዩ ላይ ደርቋል።

መዶሻው ወረደ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ። ማንትሪፕ መነጽሩን ጠርጎ፣ «ወዳጄ፣
በሃያህ ውሰደው፣ ከተላቀቀልህ» አለው።
                    «ይቀደዳል። ይንቀጠቀጣል እጄ።
ደግሞ ግድግዳ ላይ ቢውል ፀሐይ ትጠጣዋለች፣
ይቺ ሰማያዊ በጨለማ ነው እስካሁን የኖረች።
ዝጋው» አለኝ ኮብ።
                    ማንቆርቆሪያውን በሦስት ፓውንድ ገዝቶ ሄደ።
ያ አኩራፊ መሳቢያ፣ ሲዘጋ ግን፣ ያለ ትግል ፈቀደ።

ማታ እስከ መኪናው ያን ኮመዲኖ ስሸከም፣
ባዶ ነው፣ አውቃለሁ፤ አራት መሳቢያ፣ አንድም ዕቃ የለም፤
ደረጃው ላይ ሲያዘነብል ግን ደንግጬ አቀናሁት፣
የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው፣
ይፈሳል ብዬ ፈራሁት።