የፋብሪካ ስም

አዲሱን ራውተር ከካርቶኑ አውጥቼ፣
ሳሎኑ ወለል ላይ እግሬን ዘርግቼ፣
መመሪያ አነባለሁ፤ በዕብራይስጥ ጀምሮ፣
በሩስኛ አልፎ፣ በዐረብኛ ዞሮ፣
እኔ ጋ ሳይደርስ በሥዕል የሚያልቅ።
ኪርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ።

«በቅድሚያ» ይላል፣ «ስሙን ቀይረው፤
ይህ የፋብሪካ ነው፤ ማንም ነው የሚያውቀው።»
ሳቄ መጣ። ለኔም ስም ያወጣችልኝ፣
«ጓዴ» ለአፏ አልመች ብሎ «ጋዲ» ብላ የጻፈችኝ
አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ሰባት ዓመቴ ነበር።
አርባ ዓመት አለፈው።
ደመወዝ ገባበት፣ ሚስት አገባሁበት፣
ሞሪያ ስትወለድ ሆስፒታል ፈረምኩበት፤
እናቴም ብትሆን «አባዬ» ነው የምትለኝ።
ለዕቃው ግን፣ ገና ሳይሞቅ፣ ቶሎ ቀይር አለኝ።

ስልኬን ከፍቼ የሕንፃውን አየር ባየው፣
ዐሥራ ዘጠኝ መረብ፣ ሁሉም ስም ያለው፦
«ቤተ ቡዛግሎ»፣ «ሉድሚላ ሁለት»፣ አንዱ ደግሞ «ከኪስህ ክፈል»፤
ሁሉም በቻናል ስድስት ላይ እርስ በርስ ይጋፋል፣
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ።
ዐሥራ አንድ ግን ባዶ ነው፣ የዚህ አገር የሐምሌ ሰማይ።
ዐሥራ አንድን ያዝኩ፤ ጎረቤት ጠልቼ አይደለም፣
አንድ ላይ ከተጮኸ የሚሰማ የለም።

«አባ፣ አምስቱን!» ትላለች ሞሪያ፣ ቀና ሳትል ከስልኳ፤
«ሁለት ነጥብ አራት አሮጌ ነው።» ልክ ናት በልኳ፤
አምስቱ እንደሷ ወሬ ነው፣ ሳይጨርስ ይበራል፣
ግድግዳ ሲያይ ግን ደንግጦ ይቀራል።
ሁለት ነጥብ አራት ያዘግማል፣ ያነክሳል፣
ግን በግንብ ውስጥ ለውስጥ ሾልኮ ይደርሳል።

እናቴ ትርንጎ የምትተኛው ማማድ ነው፤
ሳይረን ሲጮህ ሮጣ ስለማትደርስ አልጋዋን እዚያው ዘረጋነው።
ስንዝር ተኩል ኮንክሪት፣ የብረት በር፣ የብረት መስኮት፤
ሮኬት እንዳይገባ ተሠርቶ፣ የጎንደር እህቷን ዘጋባት።
እሑድ እሑድ ስትደውል ፊቷ በካሬ ይቆራረጥና፣
«አፍሽ ይሄዳል፣ ድምፅሽ ቀርቷል!» ትላለች እናቴ፣
ስልኩን ወደ ጣሪያ አንስታ እንደ ፋና።

ስለዚህ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነቅዬ፣
ከጫማ ሳጥኑ በላይ፣ ከማማዱ በር ትይዩ ሰቅዬ፣
ሁለቱን ሞገድ ለየሁ። ሞሪያ አኮረፈች።
እናቴ ከዘራዋን ይዛ ብቅ አለች።
መመሪያው «ለእንግዳ የተለየ መረብ ይከፈት» ይላል፤
እሷ፦ «እንግዳ ብቻውን ይበላል?»
ዘለልኩት።

«አሁንስ ምን ትጠበባለህ?»
«ቁልፍ ቃል። ሌባ የማይገምተው። ከስምንት ፊደል የማያንስ።»
ዝም አለች። ከዘራዋን ወለሉ ላይ አዞረች።
«ዳማዬ» አለች። «ድንበሩ ላይ የሸጥናት በቅሎ።»
በላቲን ጻፍኩት፤ ስድስት ብቻ ሆነ። «አልሞላም» አልኳት።
«የተነሣነውን ሰው ቁጥር ጨምርበት።»
«ስምንት?»
«ዐሥራ አንድ።»
እኔ የማውቀው ስምንት ነበር።
ጣቴ ስክሪኑ ላይ ቆየ። እሷ ወደ ጫማዎቹ ታያለች።
ዐሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ሞላ።
በቀይ ቀለም «ደካማ ቁልፍ ቃል» የሚል ወጣ።
ይበል። አጸደቅሁት።

አምስቱን ሞገድ «ሞሪያ» አልኩት፣ እርቅ እንዲሆን፤
ለዘገምተኛው አምስት ፊደል ሞላሁ ባዶውን ሳጥን።
እሷም ስልኳን ስታስስ፣ ከቡዛግሎና ከሉድሚላ መሀል አየችው፣
ፊደል በፊደል አነበበችው፦
«አባ፣ ማነው ጓዴ?»
«ጠብቂ» አልኳት፤ መብራቱ ቢጫ ነው፣ ገና አልሆነም አረንጓዴ።