ከመለኪያው በታች

ጦሳ ጉም ለብሶ ሲያድር፣ ደሴ በዝናብ ስትርስ፣
የመጀመሪያ ውጤቴን ከላይ እስከ ታች ሳስስ፣
ከአርሴኒክ ትይዩ ያለው ሣጥን ባዶ ሆነብኝና
«ዜሮ» ልል ስል፣ መምህር ይርዳው እስክሪብቶዬን ያዘና፦
«ዜሮ ብለሽ እንዳትጽፊ።
የለም ሌላ ነው፣ አላየሁም ሌላ።
ከመለኪያው በታች በዪ። መሣሪያው አልደረሰበትም፤
ያልደረስንበትን ሁሉ የለም አንልም።»

ይህን ቀድሞ የነገረኝ ግን ሌላ ሰው ነበር፤
ጥፍሩ ሥር ነጭ አፈር የማይጠፋ፣
አጎቴ አራጋው፣ የወገል ጤና ቆፋሪ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከኪሱ ኦፓል አወጣ፤
ዘወር ሲያደርገው ቀይ፣ ቀና ሲያደርገው አረንጓዴ።
ውሃ በሞላ ብርጭቆ ጣለው።
ጠጣ፣ ጠጣ፣ ቀለሙ ሁሉ ጠፋ፤
ድንጋይ መኖሩ እንኳ እስኪያጠራጥር።
አለቀስኩ።
«ምን ያስለቅስሻል? ሄደ አልኩሽ? ጠጥቶ ተኛ እንጂ።
አውጪና መስኮቱ ላይ አኑሪው፤ እስኪነቃ ጠብቂው።»
ሦስት ቀን ጠበቅኩ።
በአራተኛው፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ስነሣ
ቀዩ ከዳር ጀምሮ ተመልሷል።
ለምን? አልኩት።
«እኔ ማውጣቱን እንጂ ለምኑን ማን አስተማረኝ፤
አንቺ ሂጂበት።»

ሄድኩበት።
ቅጽ ስሞላ ዘመድ ተሰበሰበ፤ አንዱ «ሒሳብ መዝገብ» አለ፣
አንዱ «ነርስነት፣ እሱ ሥራ አያሳጣም»፣
እናቴ ግን፦ «ይሄ ጂኦኬሚስትሪ ያልሽው፣
ትምህርት ነው ወይስ በሽታ?»
ሳቅን። ሞላሁት።

እሳተ ገሞራ ያነጠፈው፣ ተራራ ያህል አመድ፤
ላዩ ላይ የዘመን ዝናብ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ፤
ውሃው ከአመዱ ጓዳ ሲሊካ ሰርቆ ሲሸሽ፣
ቁልቁል ሲል ሲንሸራሸር፣ በየስንጥቁ ሲመሽ፣
ሸክላ ላይ ደርሶ መንገድ አጣ።
ቆመ። ቆሞ ቆሞ ድንጋይ ሆነ።
አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ይህን ነው፤
ደላንታ በአንድ ቃል «ሲሳይ» የሚለውን።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በነሐሴ፣ በፈተና ሳምንት ስልክ መጣ።
ዋሻው ተደርምሷል፤ አራጋውን ሁለት ቀን ቆፈሩት።
ከበሽሎ አፋፍ ስደርስ ቀብሩ አልፏል።
እንደ ሰው አለቀስኩ፤ ዓይኔ ግን አፈሩ ላይ ቀረ፦
ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ፣ ግድግዳውን ከሥሩ የገፋ ሸክላ፤
ኦፓሉን ያቆየለት ያው ሸክላ።

ዛሬ መዶሻና የናሙና ከረጢት ይዤ መጥቻለሁ።
ደላላው እብሬ ከሞተሩ ሳይወርድ፦
«እህቴ፣ መሬት ውስጥ የሚያይ ማሽን አላት አሉ።
የት ጋ እንደሆነ ብቻ ጠቁሚኝ፤ እኩል ነን።»
አላውቅም አልኩት። አላመነኝም።
መቼ እንደማይቆፈር ግን አውቃለሁ፤
ከሐምሌ እስከ መስከረም ከዚህ መስመር በታች አትግቡ፣
ሸክላው ሲጠጣ ያብጣል፣ አልኳቸው።
ቆፋሪዎቹ ተያዩ። ከመሃል አንዱ፣ ልጅ እግር፣
«በሐምሌ የሚበላውስ?» አለኝ።
ለዚህ ሣጥን የለኝም።

እማዋይሽ፣ የአራጋው ሚስት፣ ሳልጠይቃት መጥታ
የከረጢቱን አፍ ከፍታ ያዘችልኝ።
«ይሄ አፈር ሲጠየቅ ይመልሳል?»
«ቀስ ብሎ።»
«ደመወዝሽስ?»
ነገርኳት።
«ከእሱም ያንስ የለ!» ብላ ሳቀች፤
ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ከረጢት ላይ ኮድ መጻፍ ደንብ ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ሦስት ቁጥር።
እኔ «አራጋው» ብዬ ጻፍኩ።
መምህር ይርዳው በቀይ አክብቦ
«ይህ ምንድን ነው? ይስተካከል» ብሎበታል።
እስካሁን አላስተካከልኩም።