ጠብታ ቆጣሪ

ጃዋችን ታፈሳለች።
ከሰርባቶዮው ሥር፣ ከሩቢኔቷ አንገት
ጠብ ይላል ቤንዚኑ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሌሊት ሌሊት።
በየሃያ ቁጥር አንድ፤
ልኩን ያወቀው እኔ ሳልሆን አባቴ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው
መቁጠር አይተውም፣ እንቅልፍ እንኳ ቢወስደው።
"ሳሙና ለጥፍበት" አለኝ ከአልጋው ሆኖ፣
"እኔ እንደዚያ ነበር የምነዳው።"

ሳሙና አልፈለግሁም።
ሶማሌ ተራ ወረድኩ፣ ያለቀውን ጫፍ በመሀረብ ቋጥሬ።
አንዱ አገላብጦ አየና ሳቀ፤ "ይሄማ ወንድሜ፣
ያያቴ ጥርስ ነው፣ ከሱቅ አይገዛም!"
ሌላው የቻይና ሰጠኝ፤ ሁለት ዙር ገባና ዘመመ፣
ሦስተኛው ላይ እንቢ አለ፣ አልዞርም።
ሌላው በጎማና በሽቦ ጠፍሮ፣ "ንዳት" አለኝ፣ "ምንም አትልም።"
ሳሪስ ሳልደርስ ሱሪዬ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፤
ሲጋራ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ደመኛ መሰለኝ፤
ከታክሲ ወራጅ ሸሸሁ፣
ከበቆሎ ጠባሿ ከሰል ሸሸሁ።

አቃቂ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ባቡር የረሳው ሐዲድ አጠገብ
ቆርቆሮ ቤት አለች፤ "ቶርኖ" ይላል በሯ፣
በቀይ ቀለም፣ ሲሻው ብቻ የሚነበብ።
ትርሲት ናት ባለቤቷ፤
ብረትን ጥርስ ማስወጣት ነው ሥራዋ።
ጡረታ ስትወጣ ባልደረቦቿ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤
እሷ ፋብሪካው የጣለውን ቶርኖ በዱቤ ገዛች።
"ሰዓትማ" ትላለች፣ "ጊዜ ይቆጥራል እንጂ ምን ይቆርጣል?"

ጫፉን ተቀበለችኝ። አላየችውም።
ባውራ ጣቷ ጥፍር ጥርስ በጥርስ ወረደችው፣ እንደ መቁጠሪያ።
"ሚሊም አይደል፣ ኢንችም አይደል፣ መሀል ቤት የቀረ ነው፤
የሠራው አገር ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ማንን እንጠይቀው?
ነሐስ አምጣ። የድሮ።
ያሁኑ ስሙ ብቻ ነው።"

አባቴ ሰማ። ምንም ሳይል ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ
አንድ ውሃ ቆጣሪ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣
አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ የደረቀ።
"የማን ነው?"
"የፈረሰ ቤት ነው። ቤት ሲፈርስ ቆጣሪው ይመለስ ይላል ደንቡ።
ይሄን አልመለስኩም" አለና
ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ትርሲት ሆዱን በሴጌቶ ከፈለችው፣ በማንድሪኑ አስነከሰችው፤
ነሐሱ እጅጌዋ ላይ ዘነበ፣ እንደ በቆሎ ዱቄት ብጫ።
አራተኛው ጥርስ ላይ መብራት ሄደ።
አልተሳደበችም።
"ና፣ በእጅህ አዙር" አለችኝ፣ "እኔ እሰማለሁ።
ነሐስ ሲቆረጥ ያፏጫል፤ ሲጎዳ ነው ዝም የሚል።"
"ቀስ" ስትለኝ ቀስ አልኩ፣ "ቁም" ስትለኝ ቆምኩ፣
በጨለማው ፉጨቱን እየተከተልኩ።
ሃምሳ ዓመቴ ነው፤
ሰው እጄን እንዲህ አዝዞት አያውቅም።

በሻማ ጫፉን አሾለችው፣ ሞረደችው፣ በምላሷ ነካችው።
"ጎማ አትጨምርበት፣ ቴፕ አትጠምጥምበት፤
ነሐስና ነሐስ ከልብ ከገጠሙ ቤንዚን መሀላቸው አይገባም።
ደግሞ በጉልበት አታጥብቅ። በሁለት ጣት።
እልኸኛ ቁልፍ ጥርስ ይበላል።"

ማታ አባቴ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ፤
ሩቢኔቷን ከፈተ፣
መዳፉን ከሥሯ ዘረጋ፣ እንደ ጠበል ተቀባይ።
ሃያ። ሃያ አንድ። አርባ።
እኔም አብሬው ቆጠርኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።
መቶ ላይ መዳፉን አነሣ፣ አሸተተ።
"ደረቅ ነው" አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው፤
ጉልበቱን ተደግፎ ቀና አለ፣
በሌላው እጁ ጨብጦት የቆየውን
የሳሙና ቁራጭ
ኪሱ መልሶ ከተተ።