ቁር በቁር

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ ሠላሳ ስምንት ከዜሮ በታች፣
ሽፋሽፍትን እንደ ሽቦ የምታደርቅ ሌሊት ነበረች።
አውቶቡሴን ጋራዥ አግብቼ ከሹፈን ቤት ስደርስ፣
ድስቱ ለብ ሳይል ሰዉ ፈልቶ ሊፈስ።

ዪራን፣ የአሥር ዓመቷ፣ የቤት ሥራ ይዛለች፤
«ሁዎ ጉዎ፣ የእሳት ድስት፣ የት ተወለደ?» ትላለች።
ደብተሯን በማስመሪያ ለሁለት ከፍላ፣
ግራው የአያቷ፣ ቀኙ የእናቷ፣ እንዳታዳላ።

አዛውንቱ ቾንግሻን የሰሜን ሰው ናቸው፣
ከታላቁ ግንብ ማዶ ነፋስ ያሳደጋቸው።
«ጻፊ» አሉ፤ «ፈረሰኞች ነበሩ፣ ዕቃ የማይጭኑ፣
ድስት ለምኔ ያሉ፣ ኮርቻ ላይ እያደሩ የሚባንኑ።
አንድ ማታ በግ አርደው፣ በረዶ ዝቀው፣
የራስ ቁራቸውን ከአናታቸው አውልቀው፣
ከፍም ላይ ጣዱት፤ ሥጋውን እንደ ወረቀት አሳስተው ነከሩት፤
ያን ቁር፣ በቁር አበሰሉት።»

«አይተሃል፣ አያቴ?»
«ለአባቴ የነገሩት፣ አባቴ የነገረኝ ነው።»
«እሺ፣ ‹ይባላል› ብዬ ልጻፈው።»

ሹፈን ከጓዳ ሳቀች፣ ቢላዋ እንደያዘች፦
«የላብ መረቅ! ፀጉሩንስ ማን ለቀመላችሁ?» አለች።
«ቀኙ ላይ ጻፊ፦ ቾንግቺንግ፣ ጂያሊንግ ወንዝ ዳር፣
ቅድመ አያትሽ ጀልባ ሲጎትት፣ ገመድ ትከሻውን ሲሰረስር፣
ሥጋው ለባለሥጋው፤ ለጎታች የቀረው
ጨጓራ ነበር፣ ውሻ እንኳ የሚጠራጠረው።
ሽታውን በበርበሬ፣ ብርዱን በበሬ ሞራ መታው።
ዘጠኝ ቤት ድስት ነበር፣ እንደ ግጥም ቤት ያለው፤
እሳቱ የሁሉ፣ ቤቱ የየራስ ነው።
ጨጓራ ሰባቴ ወደ ላይ፣ ስምንቴ ወደ ታች፤
አንድ ከጨመርሽ ጫማ ሆነች።»

«በርበሬ!» አሉ ሽማግሌው፤ «የትናንት መጤ፣ ባሕር ያመጣው!
ያለ እርሱ ስንት ዘመን ተበላ፣ ስንት ንጉሥ አላበው!»
ዪራን ቀና አለች፦ «መምህራችን እንዳለችው፣
በርበሬ መጀመሪያ የበቀለው በዚህ፣ በአሜሪካ አህጉር ነው።»

ዝም።
ሹፈን ወለሉን አየች፣ አዛውንቱ ወለሉን፤
ለካ ቤቱ የገባው እርሱ ነው፤ መጤዎቹ እኛ ሆንን።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። መንገዱ ሙሉ።
ድስቶቹ ተራ በተራ፣ እፍ እፍ እያሉ፣
ዝም አሉ።

አዛውንቱ በስልክ መብራት ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤
ደረጃው ሲንቋቋ፣ ዕቃ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፤ ቆዩ እንደ ሄዱ።
ይዘው የወጡት የመዳብ ድስት፣ ጭስ ማውጫ ከመሀሉ የበቀለበት፣
ሹፈን ሦስት ዓመት «ይሸጥ» እያለች የጨቀጨቀችበት።
ከሰል ተቀጣጠለ። ጋዙ እንዳይገድለን በሩን ከፈትነው፤
ነጭ ነፋስ ጠረጴዛ ሳይጠይቅ ገብቶ ተቀመጠ፤ ማን ይከልክለው?

ሹፈን ቆማ አየች። አየች። ከዚያ ቀዩን መረቋን
መዳቡ ውስጥ ገለበጠች፣ ሳትናገር ቃል እንኳን።

ካፖርት እንደለበስን ከበብን፦ ሁለት ነርሶች፣ አንድ በረዶ ጠራጊ፣ እኔ፤
በጨለማ እንጨት ከእንጨት ሲላተም፦ የማን ነው? የእኔ! የእኔ!
ቤት የለ፣ ግድግዳ የለ። አንዱን ጎርሼ «እሳት ካየው ምን ለየው» ስል
ሹፈን ትርጉሙን ጠይቃ ተቆጣች፦ «ይለየዋል!
ሰባት! ስምንት! ቁጠር!»
ቆጠርን፣ በአራት ቋንቋ፣ ጥርሳችን ሲንገጫገጭ፣ ከነፋሱ ጋር።

ዪራን ማስመሪያው ጠፍቷት ይሁን ጨልሞባት፣
የአያቷን በቀኝ፣ የእናቷን በግራ ሞላችበት።
ምን ማርክ እንዳገኘች አልሰማሁም፤ በነጋታው መስመሬ ተቀየረ።
የሞራው ሽታ ግን እስከ መጋቢት ኮቴ ላይ ነበረ፤
ተሳፋሪ ቲኬቱን ሲያሳየኝ ያሸታል፤ ተቀምጦም ያሸታል፤
አንዳንዱን መውረጃው ያልፈዋል።